ሕመሙ ሳይቀድምዎ፦ ከኦፕራሲዮን በፊት ማወቅ ያለብዎ

አክስቴ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርጋ ስትወጣ «ሲያምሽ ትወስጃለሽ» ተብላ ፓራሲታሞል ተሰጣት። እሷ ደግሞ ካልባሰባት በቀር «አመመኝ» የማትል ሴት ናት። ጠያቂውም «ቻይው፣ ያልፋል» እያለ አጥሚቱን አስቀምጦ ይሄዳል። በሁለተኛው ሌሊት ማሳል ፈርታ፣ ትንፋሿን በግማሽ እየሳበች አገኘናት። መድኃኒቱ ደካማ ሆኖ አልነበረም፤ የተወሰደው ሕመሙ ከበረታ በኋላ ስለሆነ ነው።

እርስዎም ኦፕራሲዮን እየጠበቁ፣ ሞርፊንና ዘመዶቹን፣ ማለትም ኦፒዮይድ የሚባሉትን፣ ላለመውሰድ እያሰቡ ይሆናል። ማቅለሽለሹን፣ የሆድ ድርቀቱን ወይም ሱሱን ፈርተው ከሆነ ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ግን ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ትራማዶል ከየትኛው ወገን ነው?
ኦፒዮይድ ነው። «ቀላል ማስታገሻ» እየተባለ ስለሚሰጥ ብዙ ሰው አያውቅም። ኮዴይንም እንዲሁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ መድኃኒቱ በጡት ወተት አልፎ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላልና። በቀዶ ሕክምና የወለዱ ከሆነ ይህን ሳይጠይቁ ከሆስፒታል አይውጡ። ወደ ዱባይ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ትራማዶልን ያለ ፈቃድ በሻንጣው ይዞ ቢገኝ የሚጠብቀው ፖሊስ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ምን ዓይነት ነው?
ጥርስ፣ የእንብርት ወይም የብሽሽት ቡአ (ሄርኒያ)፣ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራ የሆድ ኦፕራሲዮን፦ ብዙዎቹ ያለ ኦፒዮይድ ይታለፋሉ። ደረት ሲከፈት ወይም ትልቅ አጥንት ሲጠገን ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊከብዱ ይችላሉ። ውሳኔዎን እንደ ስለት አይያዙት። ለሁለት ቀን የተሰጠ ትንሽ መጠን ሽንፈት አይደለም፤ ሕመሙ ትንፋሽ የሚከለክል ከሆነ ሳምባ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣልና።

ማደንዘዣ የሚሰጡዎትን ባለሙያ አነጋግረዋል?
አብዛኛው ሰው የሚያወራው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ብቻ ነው። የሕመሙ ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከማደንዘዣ ሰጪው ነው። ቁስሉ ዙሪያ ወይም ወደዚያ አካል የሚሄደው ነርቭ አጠገብ የሚወጋ የማደንዘዣ መርፌ ለሰዓታት ያስታግሣል። «ለኔ ይሆናል? ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብለው ይጠይቁ። ድንዛዜው ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ ስለሚለቅ፣ የመጀመሪያውን ክኒን የሚውጡት ሳይለቅ ነው።

ሰዓት
እኔ በጣም የማምንበት ይሄኛውን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማስታገሻው የሚወሰደው ሲያም ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሁለት ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወስዳል። ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6፦ ለመያዝ እንኳ ቀላል ነው። በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ወይም ጉበቱ ለታመመ መጠኑ ይቀንሳል፤ ሐኪም ይወስነው። በዚህ ላይ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በቀን 3 ጊዜ ከምግብ ጋር ቢጨመር፣ ሁለቱ አብረው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያደርጉት የበለጠ ያስታግሣሉ። አሠራራቸው ስለሚለያይ ነው። የሌሊቱን ክኒን ስልክዎ ቀስቅሶ ያስታውስዎ፤ የሚያስታምምዎ ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል።

አይቡፕሮፌን ይስማማዎታል?
የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የልብ ድካም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ አስፕሪን አስም የሚቀሰቅስበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይነካውም። ዲክሎፌናክም የእሱ ወንድም ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። ጎረቤት «ይቺን ሞክሪ» ብላ ከቦርሳዋ የምታወጣት ክኒን ዲክሎፌናክ ልትሆን ትችላለች። አመስግነው ይመልሱላት።

አሜሪካ ላሉ፦ ታይለኖል ማለት ፓራሲታሞል ነው። ፐርኮሴት ውስጥም ከኦፒዮይዱ ጋር ተቀላቅሎ አለ፤ ሁለቱን ደርቦ የሚውጥ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው አገር ሱዜትሪጂን የተባለ ኦፒዮይድ ያልሆነ አዲስ ክኒን ተፈቅዷል። የሕመሙን ምልክት ወደ አንጎል ሳይደርስ ነርቩ ላይ ያግደዋል። በሙከራ ከባዶ ክኒን በልጧል፤ ኦፒዮይድና ፓራሲታሞል ከተቀላቀሉበት ክኒን ግን አልበለጠም። ዋጋውን አስቀድመው ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ።

ትራስ፣ በረዶ፣ እርምጃ
ሆድዎ ከተሰፋ ሲያስሉና ሲስቁ ትራስ ስፌቱ ላይ አጥብቀው ይያዙ። ጉልበት ወይም መንጋጋ ከሆነ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት። ሐኪሙ ካልከለከለ በማግስቱ ተነሥተው በክፍሉ ውስጥ ይራመዱ። ጠያቂ ቢበዛም ይነሡ።

ሕመሙ መልእክት ሲሆን
ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ አለበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ስፌቱ ከቀላና መግል ከያዘ ማስታገሻ አይጨምሩበት፣ ወደ ሐኪም ይመለሱ። አንዱ ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል «እስኪነጋ ልጠብቅ» አይበሉ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።