እንግሊዝኛን በልምምድ ክፍል ሥርዓት ማስተማር

በሙዚቃ፣ በሥዕል ወይም በቴአትር ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ለሚያስተምር መምህር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ትምህርቱን በጥበብ አጣፍጠው» የሚል ነው። መምህሩም ዘፈን ያሰማል፣ ሥዕል ያሳያል፣ ከዚያ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ይህ ክፍሉን ለአሥር ደቂቃ ያነቃቃል እንጂ የተማሪውን እንግሊዝኛ አያሻሽልም። ከጥበብ ትምህርቱ መወሰድ ያለበት የአሠራር ልማዱ ነው። ክራር የሚማር ወጣት አንድ ዜማ ሲያጠና ቆራርጦ ይይዘዋል፤ የከበደውን ቦታ ለይቶ ቀስ እያለ ይደጋግመዋል፤ ሲታረም ሳይከፋው እንደገና ይሞክራል። ያው ወጣት እንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ ግን አንዴ ጽፎ ያስረክባል፣ ማርኩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል። ችሎታው እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ የተለያየው የሚማርበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ መምህሩ የልምምድ ክፍሉን ሥርዓት ወደ ቋንቋው ክፍል ማዛወር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ከማየት ይነሡ። አንድ ሥዕል ግድግዳው ላይ ይስቀሉና ለአምስት ደቂቃ ማንም ሳይጽፍ እንዲመለከት ያድርጉ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ስሜቱንና ትርጓሜውን ትቶ፣ ዓይኑ ያየውን ብቻ በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ናይስ» እና «ቢዩቲፉል» የተከለከሉ ይሁኑ፤ ስለ የትኛውም ሥዕል ስለሚባሉ ስለዚህኛው ምንም አይናገሩም። የአማርኛ ተናጋሪው እውነተኛ ችግር ወዲያው የሚወጣው እዚህ ነው። አማርኛ ገላጩን ከስሙ ያስቀድማል፤ «ጃንጥላ የያዘች ሴት» እንላለን። እንግሊዝኛ ሴቲቱን አስቀድሞ ጃንጥላውን ያስከትላል፤ «ኤ ውማን ሁ ኢዝ ሆልዲንግ አን አምብሬላ»። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ሲያርፍ የእነሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይመጣል። ሰዋስው የሚብራራው ተማሪው ይህን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ባጣበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የተነገረ ደንብ የሚጠቅምበት ቦታ ስላለው አይረሳም።

የግስ ጊዜያትን ለማስተማር አዲስ አበባ ላለ መምህር የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ትልቅ ሀብት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው አዳራሽ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሯቸው ሦስት ባለቀለም መስታወቶች 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ የአፍሪካን የትናንት መከራ፣ የዛሬ ትግልና የነገ ተስፋ ያሳያሉ። መሄድ ካልተቻለ ፎቶግራፉ ይበቃል። ተማሪው በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ሰው ሲገልጽ የአሁን ጊዜ ይጠቀማል፤ ያ ሰው የሚወክለውን ታሪክ ሲተርክ ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሻገራል፤ ስለ ተስፋው ሲጽፍ ደግሞ የትንቢት ጊዜ ያስፈልገዋል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለምን እንደተሻገረ ራሱ ማስረዳት አለበት።

ለሙዚቃ ተማሪዎች የቅርቡ በር ጆሯቸው ነው። አማርኛ የቃሉን ክፍሎች በተቀራረበ ክብደት ያወጣል፤ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍል አጉልቶ ሌሎቹን ያደበዝዛል። «ፎቶግራፍ» ሲባል የሚጎላው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ «ፎቶግራፈር» ሲሆን ሁለተኛው፣ «ፎቶግራፊክ» ሲሆን ሦስተኛው ይጎላል። ይህን በጭብጨባ ያስመቱ። በእንግሊዝኛ አንድ ምት የሆነው «ስትሪት» በእኛ አፍ ሁለትና ሦስት ምት እንደሚሆንም ያሳዩ። ምት የሚቆጥር ተማሪ ስህተቱን ከማንም በፊት ይሰማዋል። የቴአትር ተማሪዎች ደግሞ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሷቸው «ሐምሌት» ወይም «ኦቴሎ» አሥር መስመር ያህል በእንግሊዝኛው ያንብቡ፤ ተናጋሪው ምን እንደሚፈልግ ይወስኑ፤ የራሳቸውን ትርጉም ሞክረው ከጸጋዬ ጋር ያስተያዩ፤ በመጨረሻም ሐሳቡን በዛሬ ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉት።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ድግግሞሹ ነው። ሦስት ድርሰት ከማስጻፍ አንድን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ማስጻፍ ይሻላል። በመጀመሪያው ረቂቅ የሚታየው ሐሳቡ ብቻ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶም ማርክም አይነካውም። በሁለተኛው የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ይስተካከላል። ሰዋስውና ፊደል የሚታረሙት በሦስተኛው ነው። ሠዓሊው በንድፉ ላይ ቀለም እንደማይጨርስ ሁሉ እዚህም ሁሉን በአንዴ ማረም ተማሪውን ያደናግረዋል። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ሁሉንም ደብተር ማረም አያስፈልግም፤ ብዙዎች የሳቱትን ሦስት ስህተት የጸሐፊውን ስም ሳይጠሩ ሰሌዳ ላይ ያውጡና ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይፈልጓቸው። የመጨረሻው ቅጂ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋልና።

«የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል መምህር ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ከፈተናው በፊት ያሉትን ሳምንታት ለጥያቄ አሠራር መስጠትም ግድ ነው። ነገር ግን ምርጫው የሚመዝነው ሰዋስውንና ንባብን ነው። ዓረፍተ ነገር ገንብቶ፣ አፍርሶ፣ እንደገና የገነባ ተማሪ የተሳሳተውን ምርጫ የሚለየው ስለገባው ነው፤ ደንብ ብቻ የሸመደደው ግን ጥያቄው መልኩን ሲቀይር ይስታል። «አርቲስት እንግሊዝኛ ምን ያደርግለታል?» ለሚሉም መልስ አለ። ሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃን በለንደንና በቦስተን ተምሯል፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት አስተምሯል። አገሩ የሚቀረውም ቢሆን ስለ ሥራው የሚገልጸውን ጽሑፍ ራሱ ካልጻፈ ሌላ ሰው ይጽፍለታል፤ ሥራውም በዚያ ሰው ቃል ይታወቃል። አማርኛን ከክፍሉ ማባረር አያሻም። ሐሳቡ በአማርኛ ውይይት ተደርጎበት ይጥራ፤ ጽሑፉ ግን ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሁን።

መምህር ሆይ፣ በመጪው ሳምንት ከዓመቱ ዕቅድዎ ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይቀንሱ። አንድ ሥዕል ይስቀሉ፤ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያስጽፉ፤ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ረቂቅ ጎን ለጎን አድርገው ለተማሪው ይስጡት።