ፊት በሚለካ ስልክ ደንበኛን ማማከር

አንዲት ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ፊቷን ያነሳችበት መተግበሪያ የጉንጯን ስፋት ጠቅሶ፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባ ብታስር እንደሚያምርባት ነግሯታል። «ልክ እንደዚህ አድርገሽ ሥሪልኝ እህቴ» አለችኝ። ሻሿን አውርጄ ጣቴን በጆሮ ግንዷ በኩል ሳሳልፍ ግን ፀጉሯ ሳስቷል፤ የግንባሯም ዳር ወደ ኋላ ሸሽቷል። ለዓመታት አጥብቃ የምትሠራው ሹሩባ ሥሩን ጎትቶታል። የተመከረችውን ብሠራላት የቀረውንም እነቅልባት ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ስልኩን እንድትጥሉት አይደለም፤ አሠራሩን አውቃችሁ እንድትጠቀሙበት ነው። መተግበሪያው በፎቶው ላይ ነጥቦችን ይተክላል፤ ሜዲያፓይፕ የተባለው የጎግል ሥርዓት ለምሳሌ 468 ነጥቦችን ያስቀምጣል። ከዚያ የግንባርን፣ የጉንጭንና የመንጋጋን ስፋት ከፊት ርዝመት ጋር አነጻጽሮ ክብ፣ ሞላላ ወይም ሌላ ይላል። የምትፈልገውን በቃል መግለጽ ለሚቸግራት ደንበኛ ጥሩ የወሬ መነሻ ነው። የፀጉሯን ብዛት፣ የራስ ቆዳዋን ጤናና ባለፈው ወር የተቀባችውን ሪላክሰር ግን አያውቅም።

ፎቶው በትክክል ይነሳ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሰላው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተነሳ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ይልቅ አፍንጫን በ30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል። ስለዚህ ክንዷን ዘርግታ ራሷን ከምታነሳ እናንተ 1.5 ሜትር ርቃችሁ፣ ስልኩን ከዓይኗ ትይዩ ይዛችሁ አንሷት። ፀጉሯ ከግንባሯ ይነሳ፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊቷ ይምጣ፤ ፊት የሚያሳምረው ፊልተር ይጥፋ።

ውጤቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፊት ተነስተው ጾታን የሚለዩ ፕሮግራሞች ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስህተታቸው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ያ የፀጉር መተግበሪያ ባይሆንም ትምህርቱ ለእኛም ነው፤ ማሽን የሚያውቀው ያስለመዱትን ፊት ነው።

ስለ ቀለምም ተጠንቀቁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ፀጉር በአንድ ንክኪ ወርቃማ ይሆናል። በእጃችን ግን መጀመሪያ የተፈጥሮ ቀለሙ መነሳት አለበት፤ ሪላክሰር የነካው ፀጉር ደግሞ ሊበጣጠስ ይችላል። ፀጉሯን ከመቀባታችሁ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ቀለም ቆዳዋ ላይ ሞክሩ፤ ይህን ሙከራ የትኛውም መተግበሪያ አይተካውም።

ፊቷ የራሷ ነው፤ ሳትፈቅድ አታንሷት። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ንገሯት፤ ስትጨርሱ አብራችሁ አጥፉት። በራሷ ስልክ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ የፊትን ልኬት ከመውሰድ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳለ እወቁ።

አንደበታችሁም ይታረም። «ፊትሽ ክብ ስለሆነ ይሄ አይሆንሽም» የተባለች ሴት ቃሉን ይዛው ቤቷ ትገባለች። ይልቅ «የትኛውን የፊትሽን ክፍል ማጉላት ትወጃለሽ?» በሏት። ጠዋት ለፀጉሯ ስንት ደቂቃ እንዳላት፣ ሻሽ ታስር እንደሆነ፣ ፓይስትራ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትጠቀም ጠይቁ።

ስልኳን የዘረጋችልኝን የዚያችን ደንበኛ ጣት ይዤ የሳሳውን ቦታ ራሷ እንድትዳስሰው አደረግኋት። ዝም አለች። ከዚያ ፀጉሯን ለቀቅ አድርጌ በጎን አስተኛሁላት፤ ሹሩባውን ለጊዜው እንድታቆምና የቆዳ ሐኪም እንድታይ ተስማማን። መተግበሪያው ስለ ጉንጯ የተናገረው ልክ ነበር፤ በጎን ያስተኛሁትም ያንን ሰምቼ ነው።