የምናለሽ ተራ መዶሻና የጉልበት ሒሳብ

የዓለም አካባቢ ቀን በየዓመቱ ግንቦት 28 ቀን ይከበራል። ዕለቱ እንዲታሰብ የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1972 ነበር። ቀኑ ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የአካባቢ ክበባት «ዳግም መጠቀም» በሚል ርእስ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ይነሣሉ። የሃይላንድ ጠርሙስ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀባል፣ በሙጫ ተጣብቆ አበባ ይሆናል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው። ይሁንና በዓሉ ባለፈ ማግስት ያ አበባ የት ይሄዳል? ጠርሙሱ ንጹሕ ሳለ ውኃ ይቀዳበት ወይም ለቆራሌው ይሸጥ ነበር፤ አሁን ግን ቀለምና ሙጫ ነክቶታል። ቀለሙና ሙጫውም በአዲስ ገንዘብ የተገዙ ናቸው። እንግዲህ በዓሉ ቆሻሻን ቀነሰ ወይስ ጨመረ?

ጥያቄውን በፊዚክስ ሒሳብ ለመመርመር እንሞክራለን። ለዚህ የሚሆነን ቤተ ሙከራ በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?» ይላል። በየሰፈሩ እየዞረ የሚጣራው ቆራሌው («ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ አጥሮ ነው ይባላል) የሰበሰበውን በርሜል፣ ጣሳና ውዳቂ ብረት ወደ መርካቶ ያደርሳል። በምናለሽ ተራ በርሜሉ የከሰል ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። የመኪና ጎማም በመርካቶ በረባሶ ሆኖ እግር ላይ ውሏል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች «የአካባቢ ጥበቃ» የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍታችን ከመግባቱ በፊት የጀመሩት ይመስለናል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ባለሙያው የበርሜሉን ቆርቆሮ በመሮ ሰንጥቆ ይዘረጋል፣ እየቀጠቀጠ ያቃናል፣ ጠርዙንም አጥፎ ያቆላልፋል። መዶሻው 1 ኪሎ ግራም ቢመዝንና ቆርቆሮውን ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ሜትር ቢሆን፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ የመጠነ ቁሱና የፍጥነቱ ካሬ ብዜት ግማሽ ስለሆነ 18 ጁል ይሆናል። 2 ኪሎ ግራም ቆርቆሮ ምድጃ እስኪሆን 2,000 ጊዜ ቢመታ፣ በጠቅላላው 36,000 ጁል ወጣ ማለት ነው።

ያንኑ 2 ኪሎ ግራም ብረት አቅልጠን እንደገና እናውጣው ብንልስ? 1 ኪሎ ግራም ብረትን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 450 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላም ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት ለመለወጥ ብቻ በኪሎ ግራም ተጨማሪ 247,000 ጁል ይጠይቃል። ከ20 ዲግሪ ተነሥተን ስንደምረው ለ2 ኪሎ ግራም 1,860,000 ጁል ገደማ ይመጣል፤ ከመዶሻው 50 እጥፍ በላይ ነው። ይህም ዝቅተኛው ግምት ነው። ብረት በጋለ ቁጥር የሚፈልገው ሙቀት ይጨምራል፣ ምድጃውም ብዙ ሙቀት ወደ አየር ያባክናል፣ የቀለጠው ብረት ደግሞ እንደገና ተዳምጦ ቆርቆሮ መሆን አለበት። «የባለሙያው ምሳስ?» የሚል ተማሪ ካለ ጥያቄው ትክክል ነው። የሰው ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛ ያህሉን ነውና 36,000ውን በ5 እናባዛው፤ 180,000 ጁል ይሆናል። መዶሻው አሁንም በ10 እጥፍ ይረታል።

ልዩነቱ የመጣው ባለሙያው የአተሞቹን ድርድር ሳያፈርስ ቅርጹን ብቻ ስለለወጠ ነው። በቀዝቃዛው የሚቀጠቀጥ ብረት እያደር እንደሚጠነክርና እንደሚያስቸግር ማንኛውም ቀጥቃጭ ያውቃል። በድርድሩ ውስጥ ያሉት መስመር መሰል ጉድለቶች እየበዙ እርስ በርሳቸው መንገድ ስለሚዘጋጉ ነው። ብረቱ በፍም ቀልቶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ጉድለቶቹ ስለሚቀንሱ እንደገና ይለሰልሳል። በዩኒቨርሲቲ ይህን ለማስተማር በርካታ ክፍለ ጊዜ ይወስድብናል፤ ቀጥቃጩ ግን በእጁ ያውቀዋል።

አልሙኒየም ሌላ ጠባይ አለው። ከማዕድኑ 1 ኪሎ ግራም ለማውጣት፣ ከኦክስጅን ጋር ያለውን ጥብቅ ትስስር በኤሌክትሪክ መበጠስ ስለሚያሻ፣ 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የተጣለውን ማቅለጥ ግን በተግባር የዚህን 5 በመቶ ያህል ብቻ ይጠይቃል። ስለዚህ አልሙኒየምን ማቅለጥ ያዋጣል። ነገር ግን ከውዳቂ ድስት ለሚሠሩ ጥንቃቄ ይሻል፤ በካሜሩን በተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እርሳስ ወደ ምግብ ሊገባ እንደሚችል አሳይቷል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት በርሜልና አሮጌ የመኪና ባትሪም በተማሪዎች እጅ ሊነኩ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር ቆሼን ያስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክምሩ የተሠራው ከየቤታችንና ከየትምህርት ቤታችን በወጣ ነገር ነው።

ለዐውደ ርእዩ የምናቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ሚዛንና መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ይመዘን፤ በአጠገቡም «ይህ ባይሠራ ኖሮ ምን አዲስ ነገር ይገዛ ነበር?» ለሚለው መልስ ይጻፍ። መልስ የሌለው ዕቃ ጌጥ ነው፤ ጌጥ መሆኑ አያሳፍርም፣ ዳግም መጠቀም ግን አይባልም። ከመቶ የጠርሙስ አበባ ይልቅ እግሩ የተጠገነ አንድ ዴስክ፣ ወይም በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ለእጅ መታጠቢያ የተሰቀለ ጀሪካን ይበልጥብናል። ከምናለሽ ተራ አንድ ባለሙያ በእንግድነት ቢጋበዝና የቀን ገቢውን ክበቡ ቢከፍለው፣ ተማሪዎች የመዶሻውን ምት ቆጥረው ከላይ ያለውን ግምታችንን በራሳቸው ቁጥር ሊተኩት ይችላሉ። ግንቦት 28 በመዝገቡ የሰፈሩት ዕቃዎችም ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም አንድ በአንድ ይፈለጉ፤ ሥራ ላይ ያሉት ስንት ኪሎ ግራም እንደሆኑ በዚያው ገጽ በትይዩ ዓምድ ይጻፍ።