ዘይት ወይስ አክሪሊክ? ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ሥዕል ለመጀመር ቆርጠው ከሆነ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚስሉበትን ክፍል አንዴ ዞር ብለው ይዩት። መስኮቱ ይከፈታል? ልጆች ይተኙበታል? እርጥብ ሥዕል ለሳምንት ማንም ሳይነካው የሚቀመጥበት ጥግ አለ? የቀለሙ ምርጫ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ነው።

ስሙ እንዳያሳስትዎ። የሕንጻ ዕቃ መሸጫ ገብተው “ዘይት ቀለም” ቢሉ የሚሰጥዎ የበርና የመስኮት ቀለም ነው። የሰዓሊው ዘይት ቀለም በትንንሽ ቱቦ ይሸጣል፤ የተፈጨ የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። አዎ፣ በጾም የምንጠጣው ያው ተልባ። አክሪሊክም ዱቄቱ ተመሳሳይ ነው፤ የሚለወሰው ግን ውሃ ውስጥ በተበተነ የፕላስቲክ ሙጫ ነው። ስለዚህ አክሪሊክ ውሃው ሲተን ይደርቃል። ተልባው ግን አይተንም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል።

ይህ ልዩነት እጅ ላይ ሲመጣ ትልቅ ነው። በስሱ የተቀባ አክሪሊክ በደቂቃዎች ይደርቃል፤ በአዲስ አበባ የበጋ አየር ደግሞ ይብሳል። ጀማሪ ሳለሁ አቦል ተቀድቶ ሲጠሩኝ ብሩሼን ፓሌቱ ላይ ጥዬ ሄድኩ። ቶናውን ጠጥቼ ስመለስ ጸጉሩ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ውሃ ውስጥ አሳድሬውም አልተመለሰም። አክሪሊክ ከመረጡ ብሩሽዎን ሳያጥቡ ከወንበርዎ አይነሱ። ሌላም ልብ ይበሉ፦ አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። የፊት ቀለም እየበጠበጡ ከሆነ መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብተው፣ ሲደርቅ ይዩት።

ዘይቱ ለመንካት እንኳ ከ2 ቀን እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ወፈር ያለ ሥዕል ላይ ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው። ለጀማሪ ይህ ዝግታ ጸጋ ነው። የጉንጭ ጥላ ወደ ብርሃን የሚሸጋገርበትን ቦታ ደጋግመው ማለስለስ ይችላሉ፤ ማታ የሳሉት አፍንጫ ጠዋት ካላማረዎት በጨርቅ ጠርገው እንደገና ይጀምራሉ።

ጨርቅ ካነሳን፣ ከሁሉም በላይ ይህን አይርሱ። በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨማድዶ ወይም ተከምሮ ከተጣለ፣ ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት ታፍኖ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፤ ካልሆነም ውሃ ውስጥ ነክረው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ያስቀምጡት። ራስ የሚያዞረው ሽታም በአብዛኛው የሚመጣው ከማቅጠኛው፣ ከተርፐንታይኑና ከቲነሩ ነው። ብሩሽዎን በምግብ ዘይት አለስልሰው በሳሙና ማጠብ ስለሚቻል፣ ቲነሩን ጨርሶ ቤት ባያስገቡት እመክራለሁ።

ሸራው ሳይዘጋጅ ዘይት አይቀቡበት፤ ዘይቱ ጨርቁን ከጊዜ ብዛት ያበሰብሰዋል። በመጀመሪያ የሸራ ጄሶ ይቀባል፤ ቤት የሚለሰንበት ጄሶ አይደለም። ሁለቱን ቀለሞች ማጣመር ካማረዎት ደግሞ አክሪሊኩ ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ይሁን። በዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ውሎ አድሮ ይላጣል።

“አክሪሊክ የተማሪ ነው፣ ዘይት የሰዓሊ” የሚልዎትን አይስሙ። በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ዓለም ያወቀላትን ግዙፍ ሸራዎች የሠራችው በቀለም ብዕርና በአክሪሊክ ነው።

የ24 ቀለም ሳጥን አይግዙ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ ለጀማሪ ይበቃሉ፤ ቶሎ የሚያልቀው ነጩ ስለሆነ እሱን ተለቅ ያለ ይውሰዱ። የሚስሉት በሚተኙበት ክፍል ከሆነ፣ ወይም በሳምንት ያለዎት ጊዜ አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ አክሪሊክ ይግዙ። በረንዳ ወይም ነፋስ የሚገባው ክፍል ካለዎትና ምኞትዎ የሰው ፊት መሳል ከሆነ ግን ዘይቱን አይፍሩት።