የእሽቅድምድም ሞተር ለመንገድ ይስማማልን?

አመዛዛኝ ድርሰት

አመዛዛኝ ድርሰት በአንድ ጉዳይ ላይ የሚነሡትን ተቃራኒ አሳቦች በማስረጃ እየመዘነ ወደ ፍርድ የሚያደርስ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ጸሐፊው ከመፍረዱ በፊት ለየወገኑ ያቀረበውን ማስረጃ አስተውሉ።

ሀ. ምንባብ

ወረታ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ያልፍባታል፤ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውም ከእርሷ ይገነጠላል። ስለዚህ በወረታ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሩዝ የጫነ የጭነት መኪና፣ መንገደኛ የሞላ አውቶቡስና ባጃጅ ሲተላለፉ ያያል። ሁሉም በሞተር ይሄዳሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ሞተር የሌላውን ሥራ አይሠራም። እንግዲህ በፍጥነቱ የሚደነቀው የእሽቅድምድም ሞተር ለመንገድ መኪና ቢገጠም ይስማማልን?

ይስማማል የሚሉ ወገኖች ማስረጃ አላቸው። እሽቅድምድም የሞተር ትምህርት ቤት ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 ፔዦ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለውድድር በሠራው መኪና ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት አራት ቫልቭ አደረገ፤ ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ የቤት አውቶሞቢሎች ይገኛል። የኢጣሊያው ፌራሪም እ.ኤ.አ. በ1995 ኤፍ 50 የተባለውን የመንገድ መኪና ሲያወጣ፣ ሞተሩን ያዳበረው እ.ኤ.አ. በ1990 ለፎርሙላ አንድ ውድድር ካሰለፈው መኪና ሞተር ነው።

ይሁን እንጂ የእሽቅድምድም ሞተር የተፈጠረበት ዓላማ ሌላ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው እጅግ ፈጥኖ በመዞር ስለሆነ፣ ዝግ ብሎ ሲዞር ይደክማል። አንድ የፎርሙላ አንድ ውድድር ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ውኃውና ዘይቱ ይሞቅለታል፤ ባለሙያዎችም ዘወትር ይከታተሉታል። የመንገድ መኪና ግን በማለዳ ብርድ ይነሣል፤ በገበያ ቀን በሰውና በከብት መካከል ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ከፎገራ ሜዳ ተነሥቶም የደብረ ታቦርን ዳገት ይወጣል።

ስለዚህም ፌራሪ የውድድሩን ሞተር እንዳለ አልገጠመውም። ይዘቱን ከ3.5 ወደ 4.7 ሊትር አሳደገው፤ በደቂቃ ከ12,000 በላይ የነበረውንም ዙር ወደ 8,500 ዝቅ አደረገው። እንዲያም ሆኖ ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር በቀጥታ ስለ ታሰረ ንዝረቱ እስከ ተሳፋሪው ይደርሳል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረት የጀመረው ኤኤምጂ ዋን ደግሞ ከፎርሙላ አንድ የመጣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር አለው። ይህ ሞተር 50,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ተፈትቶ መታደስ እንደሚያስፈልገው ኩባንያው አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። መኪናውን ለመዝናኛ ብቻ ለሚነዳ ባለጸጋ ይህ ብዙ ዓመት ይበቃዋል። ከባሕር ዳር ጎንደር በየቀኑ ደርሶ የሚመለስ አውቶቡስ ግን በቀን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ያንኑ ርቀት ከ5 ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

የፎገራ ገበሬም ይህን ነገር ከሥራው ያውቀዋል። በበጋ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውኃ ስቦ ሽንኩርቱን የሚያጠጣበት ሞተር ለብዙ ሰዓት ሳይዋዥቅ መሥራት አለበት። ሞተሩ በመስኖው መካከል ተበላሽቶ መለዋወጫው ቢታጣ ቡቃያው ይደርቃል፤ የቤተሰቡም ተስፋ አብሮ ይጠወልጋል። ስለዚህ ገበሬው ሞተር ሲመርጥ የሚጠይቀው ስለ ጽናቱ፣ ስለ ነዳጁና ስለ መለዋወጫው ነው እንጂ ስለ ፍጥነቱ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፦ ከእሽቅድምድም ሜዳ ወደ መንገድ የሚሻገረው ዕውቀቱ ነው እንጂ ሞተሩ እንዳለ አይደለም። የሞተር ብርታት የሚለካው በተሰለፈበት ሥራ ነው።

ለ. ማስገንዘቢያ

«እንጂ» የተባለው መስተጻምር ሁለት አሳቦችን እያነጻጸረ ያያይዛል። ከምንባቡ በወጣው ዐረፍተ ነገር «ዕውቀቱ ነው» የሚለው ከ«እንጂ» በፊት ገብቶ ይጸድቃል፤ «ሞተሩ እንዳለ አይደለም» የሚለው ከእርሱ በኋላ ገብቶ ይፈርሳል። «ግን» ሲገባ ሁለቱም አሳቦች እውነት ሆነው ሊቆሙ ይችላሉ፤ ምሳሌ፦ «ሞተሩ ፈጣን ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው።»

ሐ. መልመጃ

1. ጸሐፊው የተቃራኒውን ወገን ማስረጃ አስቀድሞ ማቅረቡ ለድርሰቱ ምን ጠቀመው?
2. የአውቶቡሱ ምሳሌ ከኤኤምጂ ዋን ቀጥሎ የገባው ለምንድን ነው?
3. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግብታችሁ ፍቺያቸውን አሳዩ፦ ንዝረት፣ ሳይዋዥቅ፣ ጽናት፣ ይገነጠላል።
4. «እንጂ»ን በማስገባት ሦስት፣ «ግን»ን በማስገባት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
5. «ለፎገራ ገበሬ የሚሻለው በሬ ነው ወይስ ትራክተር?» በሚል ርእስ አራት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን አንሡ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው የሁለቱን ወገኖች ማስረጃ መዝኑ፤ ፍርዳችሁን በመጨረሻው አንቀጽ ስጡ።