ተጠይቆ መመስከር
በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደተጻፈው፣ ቅዱስ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ሰምቶ፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ወደ ሠረገላው የወጣውም ተለምኖ ነው። ከዚያው ምንባብ ተነሥቶ ወንጌልን ሰበከለት፤ ጥምቀትን የፈለገውም ጃንደረባው ራሱ ነው።

እኛም በየአጥቢያችን ምንጭ ስናጎለብት፣ እህል ስናድል ይህንኑ አብነት እንከተል። የተራበ ሰው ለእህል ሲል እምነቱን ቢለውጥ፣ የተቀበለው እህሉን እንጂ ክርስቶስን አይደለም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን የተረጂዎችን ስም ሲመዘግብ ችግራቸውን እንጂ ሃይማኖታቸውን አይጠይቅ። ይህን ስለ ምን እንደምናደርግ የሚጠይቀን በመጣ ጊዜ ግን፣ ካህናትም ምእመናንም ስለ ክርስቶስ በትሕትና ለመመስከር ተዘጋጅተን እንገኝ። ለዚህም የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።