የታዘለ ልጅ ለምን ይበርደዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ባለቤቴ የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዘን በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ጊች አምባ በእግር ጉዞ ጀመርን። ልጁን ያዘልሁት እኔ ነበርሁ። ዳገቱ ስላላበኝ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እርሱም ሞቆት ይሆናል ብዬ ጋቢውን አነሣሁለት። ጭላዳዎችን ባየ ቁጥር ይጮህ የነበረው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዝም አለ። እንቅልፍ የወሰደው መሰለን። እናቱ እጇን ደረቱ ላይ ብታሳርፍ ግን ቀዝቅዞ አገኘችው።

ለመሆኑ በአንድ መንገድ፣ በአንድ አየር ውስጥ፣ አንዱ ሲያልበው ሌላው ለምን በረደው? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የሙቀት ምንጭ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ዐዋቂ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን እስከ 500 ዋት ሊደርስ ይችላል። የታዘለ ሕፃን አይራመድምና የሚያመነጨው ከ30 እስከ 40 ዋት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአካል መጠን ነው። የአንድ ነገር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በግማሽ ሲቀንስ የውጭ ገጹ ወደ ሩብ፣ ይዘቱ ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በመሆኑም ትንሹ አካል ከይዘቱ አንጻር እጥፍ ገጽ ይኖረዋል ማለት ነው። በሲኒ የተቀዳ ቡና በጀበና ካለው ቀድሞ የሚቀዘቅዘው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃንም በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ሲሰላ 70 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ የቆዳ ስፋት አለው።

ሦስተኛው አካባቢው ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ነፋስ በቆዳ ዙሪያ ያለውን ሞቃት አየር ይጠርጋል። ከዚህም በላይ የእኔ ላብ የልጁን ልብስ አርሶት ነበር፤ ውኃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አሻሽሎ ያስተላልፋል።

እንግዲህ ስሕተቴ የራሴን ገላ የልጄ ቴርሞሜትር ማድረጌ ነበር።

ሕፃን ልጅ ይዘው ተራራ ለሚወጡ ወላጆች የሚከተለውን እንመክራለን። ልጁን ከእናንተ አንድ ድርብ ልብስ አስበልጣችሁ አልብሱት፤ ራሱንና እግሮቹን ሸፍኑ። በየግማሽ ሰዓቱ አውርዳችሁ ደረቱንና ማጅራቱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ የሚችል ከሆነም ጥቂት ይራመድ። የረጠበ ልብስ ወዲያው ቀይሩ።

ከሁሉም በላይ የልጁን ዝምታ አትመኑት። በ3,600 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 64 በመቶ ገደማ ነው፤ የኦክስጅን እጥረትም እንደ ብርድ ሁሉ ልጅን ያፈዛል። ሕፃኑ ራሱን እንዳመመው መናገር አይችልም። መንስኤው የትኛውም ቢሆን ልጁን አሙቆ ሳይዘገዩ ቁልቁል መውረድ፣ ካልነቃቃም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

እኛም ከነፋስ በሚከልል ቋጥኝ ሥር ልብሱን ቀየርንለት፤ እናቱም ከገላዋ አስጠግታ በጋቢ ጠቀለለችው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዐይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ። ጊችን ሳናይ ወደ ሳንቃበር ተመለስን።